ለቤታችን አምፕሊፋየርና ስፒከር ስንገዛ ምን እንመልከት?



በዚህ ዕትም የምናነሣው ጉዳይ ለአንዳንዱ የቅንጦት ሊመስለው ይችላል። ሆኖም በነታንያ ቤተሰቦችን ስንጎበኝ ደጋግመን ያጋጠመን ስለሆነ ልንጽፍበት ወደድን። አንድ ቤተሰብ ከመርካዝ ክሊታ ወጥቶ የራሱ ቤት ሲገባ፣ ከፍሪጅና ከልብስ ማጠቢያ ቀጥሎ የሚመኘው ዕቃ የሙዚቃ ማጫወቻ ነው። ይህ አያስደንቅም። በበዓልና በቡና ሰዓት የአገር ቤት ዜማ ሲሰማ ቤቱ ቤት ይሆናል። የሚያሳዝነን ግን ብዙ ሰው ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ትልቅ ቁጥር ብቻ አይቶ፣ በማያነበው ወረቀት ላይ ፈርሞ፣ ለዓመታት ዕዳ መክፈሉ ነው። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት የሚከተሉትን ነጥቦች እንድታስቡባቸው እንመክራለን።

ሁለቱ ዕቃዎች ምን ይሠራሉ?

አምፕሊፋየር (በዕብራይስጥ መግቤር) ከስልክ፣ ከቴፕ ወይም ከሬዲዮ የሚመጣውን ደካማ የኤሌክትሪክ ምልክት ያጠነክራል። ስፒከር (ራምኮል) ደግሞ ይህንን ወደ ድምፅ ይለውጠዋል። በድምፁ ጥራት ላይ ትልቁን ለውጥ የሚያመጡት ስፒከሩና የተቀመጠበት ክፍል ናቸው። ገንዘባችሁ የተወሰነ ከሆነ ከፍተኛውን ድርሻ ለስፒከሩ አድርጉት።

የዋት ቁጥር አያታላችሁ

በአገራችን ለሠርግ ድንኳን የሚቆመውን ሞንታርቦ ሁላችንም እናውቀዋለን። እርሱ ለሜዳና ለብዙ ሕዝብ የተሠራ ነው፤ ለ20 ካሬ ሜትር ሳሎን አይሆንም። በካርቶን ላይ «1000 ዋት ፒ.ኤም.ፒ.ኦ.» የሚል ጽሑፍ ካያችሁ ለማስታወቂያ የተጻፈ መሆኑን እወቁ። መጠየቅ ያለባችሁ «አር.ኤም.ኤስ.» የሚባለውን ቁጥር ነው፤ እርሱም መሣሪያው ያለማቋረጥ ሊሰጥ የሚችለውን ኃይል ያመለክታል።

ዋት በእጥፍ ሲጨምር ድምፁ በእጥፍ አይጨምርም። ከ50 ዋት ወደ 100 ዋት ብንሄድ ልዩነቱ 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ጆሮ በግድ ይለየዋል። ድምፁ በእጥፍ የጨመረ እንዲመስለን ወደ 10 እጥፍ የሚጠጋ ኃይል ያስፈልጋል። ስለዚህ በዋት ብቻ ብዙ ገንዘብ መጨመር አይጠቅምም። ለተራ ሳሎን ከ30 እስከ 50 የእውነት ዋት ከበቂ በላይ ነው።

ኦም መስማማት አለበት

በስፒከሩ ጀርባ 4፣ 6 ወይም 8 ኦም የሚል ተጽፏል። በአምፕሊፋየሩ ጀርባም የሚችለው ዝቅተኛ ቁጥር ይገኛል። አምፕሊፋየሩ «ከ6 ኦም ጀምሮ» የሚል ከሆነ 4 ኦም ስፒከር አትሰኩበት፤ ከመጠን በላይ ሞቆ ሊቃጠል ይችላል። ሽቦውን ስታያይዙ ቀዩን ከቀይ፣ ጥቁሩን ከጥቁር ጋር አገናኙ። በአንዱ ስፒከር ላይ ከተገለባበጠ ወፍራሙ ድምፅ ይጠፋል፤ ሰውም ዕቃው የተበላሸ ይመስለዋል።

ከኢትዮጵያ የመጣ መሣሪያ እዚህም ይሠራል፤ የሁለቱ አገሮች ኤሌክትሪክ ተቀራራቢ ነውና። ከአሜሪካ የተላከ ግን ብዙውን ጊዜ ለ120 ቮልት የተሠራ ስለሆነ በቀጥታ ከሰካችሁት ይቃጠላል። በጀርባው «230» ወይም «240» መጻፉን ሳታዩ አትሰኩ።

በምን ዘፈን እንፈትን?

ሻጩ ብዙ ጊዜ የሚያሰማው ወለሉን የሚያንቀጠቅጥ ሙዚቃ ነው። እናንተ በስልካችሁ የያዛችሁትን የምታውቁትን ዘፈን እንዲያሰማችሁ ጠይቁ። የእኛ ዜማ ዋና ነገሩ የሰው ድምፅ፣ ማሲንቆ፣ ክራርና ዋሽንት ነው። እነዚህ የሚገኙት በመካከለኛው የድምፅ ክልል ነው። ቃሉ ጥርት ብሎ ከተሰማ፣ የማሲንቆው ፀጉርም ሲፋቅ ከታወቀ ስፒከሩ ጥሩ ነው። ግጥሙ የማይለይ ከሆነ የቱንም ያህል ቢያንቀጠቅጥ ይቅርባችሁ።

የድሮ ካሴቶችን አትጣሉ

ይህን ነጥብ በተለይ እንድታስተውሉት እንለምናለን። በ1984 እና በ1985 በዘመቻ ሙሴ፣ በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን ከመጡት ወገኖች መካከል ብዙዎች ቤተሰባቸው ተከፋፍሎ በቆየባቸው ዓመታት በካሴት ድምፃቸውን እየቀዱ ይላላኩ ነበር። ዛሬ በአንዳንድ ቤት የአያት ምርቃትና የእናት ሰላምታ የሚገኘው በእነዚያ ካሴቶች ላይ ብቻ ነው። አዲስ መሣሪያ ሲገባ አሮጌው ቴፕ ወደ ቆሻሻ ከሄደ ድምፁም አብሮ ይሄዳል።

ስለዚህ አምፕሊፋየር ስትመርጡ ከጀርባው «ኦክስ» ወይም «ላይን ኢን» የሚባል መግቢያ ያለው ይሁን። በዚህ በኩል አሮጌውን ቴፕ በአንድ ቀላል ገመድ ማያያዝ ይቻላል። ካሴቶቹን በስፒከር ላይ አታስቀምጡ፤ በስፒከር ውስጥ ማግኔት ስላለ የተቀዳውን ሊያጠፋው ይችላል። የነታንያ የባሕር እርጥበትም ካሴት ስለሚጎዳ በደረቅ ቦታ አስቀምጡ፤ ልጆቻችሁም ወደ ኮምፒዩተር እንዲገለብጡላችሁ አድርጉ።

ክፍሉና ጎረቤት

የእዚህ አገር ቤት ግድግዳው ሲሚንቶ፣ ወለሉ ሸክላ ስለሆነ ድምፅ ያስተጋባል። ምንጣፍና መጋረጃ ከውድ ስፒከር ያልተናነሰ ለውጥ ያመጣሉ። ስፒከሩን ከማዕዘን አርቁ፤ ወለል ላይም ሳይሆን በተቀመጠ ሰው ጆሮ ቁመት አድርጉት። ወፍራም ድምፅ ግድግዳ ስለሚያልፍ ከጎረቤት ጋር ከምትጋሩት ግድግዳ ላይ አታስጠጉት።

በ1992 የወጣው የጩኸት መከላከያ ደንብ በመኖሪያ አካባቢ ከ14:00 እስከ 16:00 እና ከ23:00 እስከ 07:00 ሰዓት ጎረቤትን በሚረብሽ ድምፅ ሙዚቃ ማጫወትን ይከለክላል። ጎረቤት ፖሊስ ሊጠራ ይችላል። በዓል ካላችሁ አስቀድማችሁ ለጎረቤት መንገርና ቡና መጥራት፣ እንደ አገራችን ልማድ፣ ብዙ ጠብ ያስቀራል።

ከመፈረማችሁ በፊት

«በወር 150 ሸቄል ብቻ» ሲባል ስንት ወር እንደሆነ ጠይቁ። ለ24 ወር ከሆነ 3,600 ሸቄል ነው። በአንድ ጊዜ ሲከፈል ዋጋው 2,400 ከሆነ፣ 1,200 ሸቄል ለታሽሉሚም ብቻ ከፈላችሁ ማለት ነው። ደግሞም የ12 ዓመት ልጅ አስተርጓሚ አድርጋችሁ አትፈርሙ። ልጁ የውሉን ቃል አያውቀውም፤ በኋላ ዕዳ ሲመጣ ጥፋቱ የእርሱ ይመስለዋል። ወረቀቱን ወደ እኛ ወይም ዕብራይስጥ በሚገባ ወደሚያውቅ ዘመድ አምጡ፤ አንድ ቀን መቆየት አይጎዳም።

ሕጉም ይረዳችኋል። ከሱቅ የተገዛ የኤሌክትሪክ ዕቃ ከኤሌክትሪክ ሳይሰካ በ14 ቀን ውስጥ መመለስ ይቻላል፤ ሻጩ የሚቀንሰው ከዋጋው 5 በመቶ ወይም 100 ሸቄል ሲሆን፣ ከሁለቱ አነስተኛውን ነው። በስልክ ተነጋግራችሁ የገዛችሁት ከሆነ፣ ቴዑዳት ዖሌ ካገኘ 5 ዓመት ያልሞላው ሰው እስከ 4 ወር ድረስ ውሉን መሰረዝ ይችላል። ደረሰኙንና የዋስትናውን ወረቀት (ቴዑዳት አሐራዩት) በአንድ ፖስታ አስቀምጡ።

ውድ ወገኖቻችን፣ ሙዚቃ ደስታ ነው፤ ደስታውን ዕዳ እንዳያጠፋው እንጠንቀቅ። መጠየቅ የምትፈልጉት ነገር ካለ በራችን ክፍት ነው።