ፍሎራይድ፦ ለአንዱ መከላከያ፣ ለሌላው ጠንቅ

ፍሎራይድ መጀመሪያ የታወቀው ጥርስ በማበለዙ ነው። በ1901 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኮሎራዶ ስፕሪንግስ የገባው የጥርስ ሐኪም ፍሬደሪክ ማኬይ፣ እዚያ ተወልደው ያደጉ ብዙ ሰዎች ጥርሳቸው ቡናማ ሆኖ አገኘው። ምክንያቱ ግን ሠላሳ ዓመት ተሰወረበት። በ1931 ምስጢሩን የፈታው ቸርችል የተባለ የአሉሚኒየም ኩባንያ ኬሚስት ነው፤ ኩባንያው የፈራው የአሉሚኒየም ድስት ስሙ እንዳይጠፋ ነበር። ጥፋተኛው ድስቱ ሳይሆን ውሃው ውስጥ ያለው ፍሎራይድ ሆኖ ተገኘ። ደግሞም ማኬይ ቀድሞ እንዳስተዋለው የበለዘው ጥርስ እምብዛም አይቦረቦርም።

ትሬንድሊ ዲን የተባለ የመንግሥት የጥርስ ሐኪም ፍሎራይዱ በሊትር 1 ሚሊ ግራም ገደማ ቢሆን ጥርስን ብዙም ሳያበልዝ ከመቦርቦር እንደሚጠብቅ አሳየ። በጥር 1945 የሚሺጋኗ ግራንድ ራፒድስ የቧንቧ ውሃዋ ላይ ፍሎራይድ የጨመረች የመጀመሪያዋ ከተማ ሆነች። ጎረቤቷ መስኪገን ለማነጻጸሪያ እንድትቆይ ታስባ ነበር፤ የግራንድ ራፒድስ ልጆች ጥርስ ሲሻሻል እያየች መታገሥ ስላልቻለች፣ ጥናቱ ሳያልቅ በ1951 እሷም ጨመረች። ለሕዝቡ ደግ ነገር ነው፤ ማነጻጸሪያዋን ያጣችው ሳይንስ ግን እስከ ዛሬ ትወቀስበታለች።

ተቃውሞው ወዲያው ተነሣ። በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን የኮሚኒስቶች ሤራ ነው ያሉ ነበሩ፤ ይህን ማለፍ ይቻላል። ክብደት ያለው ሙግት «ሳልጠየቅ መድኃኒት አታጠጡኝ» የሚለው ነው፤ ለእሱ ላቦራቶሪ መልስ የለውም። ብዙ የአውሮፓ አገሮች ውሃውን ትተው ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙናና የገበታ ጨው ሄደዋል። የካናዳዋ ካልጋሪ ውሃዋ ላይ መጨመሩን በ2011 አቁማ በ2025 ተመልሳበታለች።

የጥርስ ሳሙናው ሒሳቡን ለውጦታል። በ2024 የወጣው የኮክሬን ግምገማ እንደሚለው፣ ከ1975 ወዲህ፣ ማለትም ሳሙናው ከተስፋፋ በኋላ፣ በተደረጉት ጥናቶች የውሃው ጥቅም በአማካይ ለአንድ ልጅ ሩብ የወተት ጥርስ ያህል ነው። በዚያው ዓመት የአሜሪካ ብሔራዊ የመርዝ ጥናት ፕሮግራም በሊትር ከ1.5 ሚሊ ግራም በላይ የሆነ ፍሎራይድ ከልጆች የአእምሮ ችሎታ መቀነስ ጋር እንደሚያያዝ በመካከለኛ እርግጠኝነት ገለጸ። አሜሪካ የምትጨምረው 0.7 ነው፤ ስለዚህ መጠን ደግሞ ፕሮግራሙ በቂ መረጃ የለም ብሏል። ዩታና ፍሎሪዳ ግን በ2025 በሕግ ከለከሉ። በእኔ ግምት ሁለቱም ወገን ቁጥሩን ሲጠራ ነው ነገሩ የሚጠራው፤ «ፍሎራይድ» ብቻ ብሎ መሟገት የትም አያደርስም።

እኛ ዘንድ ጥያቄው የተገላቢጦሽ ነው። የስምጥ ሸለቆው እሳተ ገሞራማ ዐለት ከርሰ ምድር ውሃውን በፍሎራይድ ይሞላዋል፤ በሊትር ከ10 ሚሊ ግራም የሚያልፍ ጉድጓድ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ጣሪያ 1.5 ነው። የሆላንዱ ኩባንያ ኤችቪኤ በ1954 ወንጂ ላይ ስኳር ማምረት ሲጀምር ሠራተኛው የሚጠጣው የጉድጓድ ውሃ ነበር። በ1970ዎቹ፣ ውሃውን ከ10 ዓመት በላይ የጠጡ ሠራተኞች ላይ አጥንት የሚያደርቅ ሕመም ታየ፤ ጀርባና አንገታቸው አልታጠፍ አለ።

ማፍላት ምንም አይፈይድም፤ ውሃው ሲተን ፍሎራይዱ ይበልጥ ይከማቻል። ከህንድ የመጣው በአሉምና በኖራ የማጣራት ዘዴ ተሞክሯል፣ የአጥንት ከሰልም እንዲሁ። በአጥንት ያለፈ ውሃ አልጠጣም የሚል አለ፤ የተቀበለውም ከሰሉ ሲደክም በጊዜው መቀየር አለበት። ከወንዝ ወይም ፍሎራይዱ ዝቅተኛ ከሆነ ምንጭ በቧንቧ ማምጣት የተሻለ ነው፤ ወጪው ግን የመንደር አቅም አይደለም። የተጣራው ውሃ ለጥቂቶች ብቻ ከበቃ ከስምንት ዓመት በታች ያሉ ልጆች ይቅደሙ፦ ቋሚ ጥርሳቸው ድድ ውስጥ የሚሠራው በዚያ ዕድሜ ነው፤ አንዴ ከበለዘ በኋላ ንጹሕ ውሃ አይመልሰውም።