ምስጢሩ የሚወጣው ከፊርማው በፊት ነው

ላንቻ ባቡር ጣቢያ አካባቢ ባሉት ፎቆች የሚፈረሙ የአቅርቦትና የወኪልነት ውሎች፣ እጄ የገቡትን ማለቴ ነው፣ አብዛኞቹ «ማንኛውም መረጃ ምስጢር ነው» የሚል አንቀጽ አላቸው። ከእንግሊዝኛ ናሙና ተገልብጦ የመጣ ነው። ሁሉም ነገር ምስጢር ከተባለ ግን ዳኛው የትኛውን ለይቶ ይጠብቅልዎት?

አስመጪ እንቅልፍ የሚያጣለት ምስጢር ሁለት ነው፦ የውጭ አቅራቢው ማንነትና ዕቃው የተገዛበት ዋጋ። እነዚህን ደግሞ ከተዋዋዮቹ ሌላ ብዙ ሰው ያያቸዋል። ትራንዚተሩ ኢንቮይሱን ይዞ ይዞራል። ረቂቁ በፍላሽ ወደ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ይሄዳል፤ ታትሞ ሲወጣ ፋይሉ እዚያው ኮምፒውተር ላይ ይቀራል። ለትርጉም ቤቱም በቴሌግራም ይላካል። ከእነዚህ አንዳቸውም ውሉ ላይ አልፈረሙም፤ ውል ደግሞ በመርሕ የሚያስረው የፈረሙትን ነው። ከተወዳዳሪው ይልቅ እኔ የምፈራው ያንን ኮምፒውተር ነው።

ሕግ የለም ማለቴ አይደለም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 በአንቀጽ 8፣ የሌላውን ነጋዴ መረጃ ከመልካም የንግድ አሠራር ውጭ ያለፈቃዱ መግለጥንና መጠቀምን ተገቢ ካልሆነ የንግድ ውድድር ይቆጥረዋል። የሚያስቸግረው ማስረጃው ነው። ዋጋዎ ወጥቶ ደንበኛ ቢሸሽ፣ ስንት ብር እንደከሰሩ ችሎት ፊት ቆጥሮ ማሳየት ከባድ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1889 የሚጠቅመው ለዚህ ነው፤ ተዋዋዮች ኪሣራውን አስቀድመው በገንዘብ መቁረጥ ይችላሉ። ይህ ሳይጻፍ ውል ሲፈረም ሳይ ያናድደኛል።

እናም ዋጋ ከመነገሩ በፊት አንዲት ገጽ የምስጢር ስምምነት ለብቻዋ ያስፈርሙ። ምስጢሩን በስሙ ይጥሩት፤ የዋጋ ዝርዝር ከሆነ የዋጋ ዝርዝር፣ የደንበኞች መዝገብ ከሆነ መዝገብ ይበሉት። እስከ መቼ እንደሚጠበቅም ይጻፉ። ትራንዚተሩን፣ ተርጓሚውንና የሂሳብ ሠራተኛውን ሳይቀር ያስፈርሟቸው። ፋይሉንም ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ እርስዎ ቆመው ያስጠፉት።

አንድ ነገር ግን ከእኔ አይጠብቁ። «ገቢዎች እንዳያውቅ» ብለው እውነተኛውን ዋጋ የሚሸሽግ አንቀጽ ጻፍልን የሚሉ አሉ። ሕገ ወጥ ግዴታ ያለበት ውል በቁጥር 1716 መሠረት አይጸናም። ፍርድ ቤት ሰነዱን አምጡ ሲልም «ምስጢር ነው» ማለት አያድንም። እንዲህ ብለው የመጡትን ሁሉ ረቂቃቸውን ሳልነካ መልሼላቸዋለሁ።