«የለም» እና «አልተገኘም»፦ ስለ አንድ የስሕተት መልእክት አተረጓጐም

ኮምፒዩተር የታዘዘውን ፋይል ሲያጣ የሚያወጣው መልእክት ቃል በቃል ወደ አማርኛ ቢመለስ «እንዲህ ያለ ፋይል ወይም ዶሴ የለም» ይሆናል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን አባባል «በተጻፈው ስም ፋይል ወይም ዶሴ አልተገኘም» በሚል ለመተካት የሚቀርብን እርማት መመርመር ነው።

ለምሳሌ በአራዳ የሚገኘውን፥ በፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ስም የሚጠራውን ድልድይ የሚመለከት ዶሴ እንውሰድ። «ሀብት» ወሀበ ከሚለው የግዕዝ ግሥ የወጣ ስለሆነ በ«ሀ» ይጻፋል፤ ነገር ግን «ሃብተ» እና «ሐብተ» ብሎ መጻፍም የተለመደ ነው። አማርኛ አንባቢ ልዩነታቸውን ልብ አይልም። በዩኒኮድ ሠንጠረዥ ግን የ«ሀ» መለያ 1200፥ የ«ሃ» 1203፥ የ«ሐ» 1210 ነው። እንደ ሊኑክስ ያሉ ሥርዓቶች በተለመደው አሠራራቸው ስምን ከስም የሚያነጻጽሩት ባይት በባይት ነው። የላቲንን ትልቅና ትንሽ ፊደል እንደ አንድ የሚቈጥሩ ሥርዓቶች እንኳ ለሞክሼ ፊደሎቻችን ይህን አያደርጉም።

እንግዲህ አንዱ ጸሓፊ በ«ሀ» ያስቀመጠውን ሌላው በ«ሃ» ቢፈልገው መሣሪያው «የለም» ይለዋል። ጸሓፊውም ባለጉዳዩን «ዶሴው የለም» ብሎ ይመልሰዋል፤ ወይም ሁለተኛ ዶሴ ይከፍትና የአንዱ ድልድይ መዝገብ ለሁለት ይከፈላል።

«የለም» ህልውናን ይክዳል፤ «አልተገኘም» የፍለጋን ውጤት ብቻ ይናገራል። መሣሪያው የሚያውቀው ደግሞ ሁለተኛውን ነው። «እንዲህ ያለ» የሚለውም ዓይነትን እንጂ ስምን ስለማያመለክት፥ እንግሊዝኛውን ተከትሎ ከመግባቱ በቀር ለአማርኛው የሚሰጠው ጥቅም አይታየኝም። «ዶሴ» ግን ከፈረንሳይኛ ቢመጣም በመሥሪያ ቤት ኖሮ አማርኛ ሆኗልና ሊነካ አይገባም።

በእርማቱ ላይ አንድ ጕድለት አለ። ያው መልእክት ፋይሉ ብቻ ሳይሆን ወደ ፋይሉ ከሚያደርሱት ዶሴዎች አንዱ ሲታጣም ይወጣል፤ «ስም» ይህን አይሸፍንም። ስለዚህ «በተጻፈው አድራሻ ፋይል ወይም ዶሴ አልተገኘም» ቢባል ይሻላል።

ስም ሲረዝም የሚወጣው መልእክትም አብሮ ሊታይ ይገባዋል። በኤክስት 4 የፋይል ሥርዓት የስም ወሰን 255 ባይት ነው፤ በዩቲኤፍ 8 አንድ የኢትዮጵያ ፊደል 3 ባይት ስለሚይዝ ስሙ በሙሉ በፊደላችን ቢጻፍ ከ85 ፊደል አያልፍም። ተርጓሚው ወሰኑን መጥቀስ ካሻው «ከ255 ባይት በልጧል» ይበል እንጂ «ከ255 ፊደል» አይበል።