የቤንዚን ሞተር ያላቸው ሞዴል አውሮፕላኖች የሽቦ ዝርጋታና የሞተር ቁጥጥር

በሬዲዮ የሚታዘዝ ባለቤንዚን ሞዴል አውሮፕላን የሚያበሩ ዜጎች ሞተሩን ከማስነሳታቸው በፊት ከርቀት ማጥፋት መቻላቸውን ማረጋገጥ ይኖርባቸዋል።

የማቀጣጠያው ሥርዓት ለሻማው ከፍተኛ ቮልቴጅ በላከ ቁጥር የሬዲዮ ሞገድ ስለሚረጭ የተቀባዩን ሥራ ሊያውክ ይችላል። በመሆኑም የማቀጣጠያው ሣጥን፣ ባትሪና ሽቦዎች ከተቀባዩ ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቀው ይተከላሉ፤ ለሁለቱም የተለያየ ባትሪ ይመደባል። ሰርቮውን ከካርቡሬተሩ የሚያገናኘው ዘንግም ከብረት ይልቅ ከፕላስቲክ ቢሆን ይመረጣል።

ግንኙነት ሲቋረጥ ካርቡሬተሩ እንዲዘጋ ተቀባዩ አስቀድሞ ይስተካከላል። ይህን ለመፈተሽ ሞተሩ ሳይነሳ መቆጣጠሪያውን አጥፍቶ የሰርቮውን እንቅስቃሴ መመልከት በቂ ነው፤ ቀላል ቢሆንም ሊዘነጋ የማይገባው ይህ ነው። ካርቡሬተሩ ያልታዘዘ እንደሆነ ግን ሞተሩን የሚያቆመው የማቀጣጠያውን ኃይል የሚቆርጥ ማብሪያ ማጥፊያ ነው፤ አንዱ በሬዲዮ የሚታዘዝ፣ ሌላው ከፕሮፔለሩ ኋላ በእጅ የሚደረስበት ሊሆን ይገባል።