የውሽውሽ ሻይ እርሻና የሼህ መሐመድ አል-አሙዲ የኢንቨስትመንት ጉዞ

ከቦንጋ ከተማ ወደ ሚዛን በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኘው የውሽውሽ ሻይ እርሻ፣ በካፋ ዞን ካሉት ሰፋፊ የልማት ድርጅቶች አንዱ ነው። እርሻው በመንግሥት ሥር ከቆየ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2000 በፕራይቬታይዜሽን ፕሮግራም ወደ ግል ይዞታ የተዛወረ ሲሆን፣ የተረከበውም የሚድሮክ ኢትዮጵያ እህት ኩባንያ የሆነው ኢትዮ አግሪ ሴፍት ነው።

የሚድሮክ ባለቤት ሼህ መሐመድ ሁሴን አል-አሙዲ እ.ኤ.አ. በ1946 በኢትዮጵያ ተወለዱ። አባታቸው በንግድ ሥራ የተሰማሩ የየመን ሐድረሞት ተወላጅ፣ እናታቸው ኢትዮጵያዊት ናቸው። የልጅነት ዘመናቸውን በወልድያ አሳልፈው እ.ኤ.አ. በ1965 ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ተሰደዱ። በኋላም የዚያችን አገር ዜግነት አገኙ።

የሀብታቸው መሠረት የተጣለው በሳዑዲ ዓረቢያ በኮንስትራክሽንና በሪል ስቴት ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 የሳዑዲ መንግሥት ከመሬት በታች የሚገነባውን ግዙፍ የነዳጅ ማከማቻ ፕሮጀክት ውል ማግኘታቸው ከታላላቅ ባለሀብቶች ተርታ አሰለፋቸው። እ.ኤ.አ. በ1994 በስዊድን ዛሬ ፕሪም ተብሎ የሚጠራውን የነዳጅ ኩባንያ ገዙ። እ.ኤ.አ. በ1997 ደግሞ በሞሮኮ የሳሚር ነዳጅ ማጣሪያን አብዛኛውን ድርሻ ያዙ።

በኢትዮጵያ የተሰማሩባቸው ዘርፎች ሰፊ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1997 የለገደምቢ የወርቅ ማዕድንን በ172 ሚሊዮን ዶላር ከመንግሥት ገዝተዋል። በቀጣዩ ዓመት ሸራተን አዲስ ሆቴል ተመርቋል። በችርቻሮ ንግድ ኩዊንስ ሱፐርማርኬት፣ በነዳጅ ሥርጭት ኖክ፣ በሲሚንቶ ምርት እ.ኤ.አ. በ2012 የተመረቀው የደርባ ፋብሪካ ከስማቸው ጋር ይያያዛሉ።

ከእነዚህ ሁሉ ለካፋ ዞን ሕዝብ ይበልጥ ቅርብ የሆነው የውሽውሽ እርሻ ነው። ሻይ ለቃሚው ከቁጥቋጦው ጫፍ የሚቀጥፈው ሁለት ለጋ ቅጠልና አንድ እምቡጥ ነው። የተለቀመው ቅጠል በሰዓታት ውስጥ ካልተዘጋጀ ጥራቱን ያጣል። ስለሆነም ፋብሪካው ከእርሻው አጠገብ መገኘት ግድ ይለዋል። ይህም ዓመቱን ሙሉ በርካታ የሰው ጉልበት የሚፈልግ፣ በአካባቢው ላሉ አርሶ አደሮችም የለጋ ቅጠል ገበያ የሚፈጥር ሥራ ነው። በሌላ በኩል በአንድ ገዢ ፋብሪካ ላይ የተመሠረተ ገበያ አርሶ አደሩን ለዚያ ድርጅት ዋጋና ጤናማነት ጥገኛ ያደርገዋል።

የባለሀብቱ ጉዞም ያለ ውጣ ውረድ አልነበረም። የሳሚር ማጣሪያ በዕዳ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2015 ሥራ አቁሞ በቀጣዩ ዓመት በፍርድ ቤት ውሳኔ ወደ ማጣራት ሂደት ገብቷል። ሼህ መሐመድ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ ባካሄደችው የፀረ ሙስና ዘመቻ ከታሰሩት ባለሀብቶች አንዱ ሆነው፣ በጥር 2011 ዓ.ም. ተለቀዋል። እሳቸው በእስር ላይ ሳሉ፣ የለገደምቢ የማዕድን ሥራ ነዋሪዎች ባነሱት የብክለትና የጤና ጉዳት አቤቱታ ምክንያት በግንቦት 2010 ዓ.ም. እንዲቆም ተደርጓል። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ለረጅም ጊዜ ታጥረው ያልለሙ ቦታዎችን ሲያስመልስ፣ በሚድሮክ ተይዘው የነበሩ ቦታዎችም ተካተዋል።

ከዚህ ታሪክ ለአስፈጻሚ አካላት የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። የአንድ ባለሀብት አቅም የቱንም ያህል ቢገዝፍ፣ መሬት ሲሰጥ ወይም የመንግሥት ድርጅት ሲዛወር የልማት ግዴታው በውሉ ተለይቶ መስፈር፣ አፈጻጸሙም በየጊዜው መገምገም አለበት። የታጠረ ቦታ ከዓመታት በኋላ ማስመለስ ለአስተዳደሩም ለባለሀብቱም ኪሳራ ነው። የአካባቢ ብክለት አቤቱታም ወደ ተቃውሞ ከማደጉ በፊት መልስ ማግኘት ይኖርበታል።

ቦንጋ በኅዳር 2014 ዓ.ም. የተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል መቀመጫ ከሆነች ወዲህ፣ ይህ ኃላፊነት በቅርብ ላሉ የሥራ ኃላፊዎች ተላልፏል። እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት የተመዘገበው የካፋ ደን፣ ለጫካ ቡናና ለማር ምርት መሠረት በመሆኑ፣ አዲስ የእርሻ መሬት ጥያቄ ሁሉ ከደኑ ህልውና ጋር ተገናዝቦ መታየት ይኖርበታል።