የቤትን ክፍሎች በእንግሊዝኛ ስለ መማር

በዳባትና በደባርቅ የሚኖር ተማሪ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱን በእንግሊዝኛ ይቀበላል። ደባርቅ የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መግቢያ በመሆኗም ከወጣቶቿ አንዳንዶቹ አገር ጐብኚ እየመሩ ይተዳደራሉ። ስለዚህ ስለ ቤትና ስለ ሕንፃ የሚነገሩትን የእንግሊዝኛ ቃላት ማወቅ ለፈተናም ለእንጀራም ያስፈልጋል። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምናስረዳው፣ የሚያስቸግረው የቃላቱ ብዛት ሳይሆን ሁለቱ ቋንቋዎች ነገሩን የሚከፍሉበት መንገድ መለያየቱ መሆኑን ነው።

አንደኛ፤ «ቤት» የሚለው ቃላችን ሰፊ ነው። እንግሊዝኛ ግን ሕንፃውን «ሀውስ»፣ ሰው የሚኖርበትንና የሚናፍቀውን «ሆም» ብሎ ይለያል። «ወደ ቤት ሄድሁ» ለማለትም «ሆም» ብቻውን ይበቃል፤ «ወደ» የሚለውን ጨምሮ መተርጐም ስሕተት ነው። ደግሞም ትምህርት ቤት፣ እስር ቤት፣ ማድ ቤት ስንል «ቤት» አይቀርም፤ በእንግሊዝኛ ግን «ስኩል»፣ «ፕሪዝን»፣ «ኪችን» በስም አይዛመዱም። ይህ የእኛ ብቻ ጠባይ አይደለም፤ ኡዝቤኮችም ወጥ ቤቱን «ኦሽሖና»፣ ሻይ ቤቱን «ቾይሖና»፣ ሆስፒታሉን «ካሳልሖና» ይላሉና እንግሊዝኛ ሲማሩ ያው እንቅፋት አለባቸው።

ሁለተኛ፤ «ፍሎር» በአማርኛ ሁለት ነው፤ የምንረግጠው ወለልና ፎቅ። እንግሊዞች በምድር ያለውን «ግራውንድ ፍሎር» ብለው «ፈርስት ፍሎር»ን ከላዩ ሲጀምሩ፣ አሜሪካውያን ከምድሩ ይቈጥራሉ። የእኛ «አንደኛ ፎቅ» የእንግሊዞቹን ይከተላል።

ሦስተኛ፤ የጎጆው ክፍሎች ናቸው። የሣር ክዳን «ታች» ይባላል፤ ስሙ ታች፣ ቦታው ላይ ነውና አይረሳም። ማገርንና መደብን ግን በአንድ ቃል ከመተርጐም በሥራቸው መግለጽ ይሻላል፤ ማገር ቋሚውን እንጨት የሚያያይዝ አግድም እንጨት፣ መደብ ከግድግዳው ሥር በጭቃ የተሠራ መቀመጫና መኝታ ነው።

እንዲህ ለመግለጽ ተማሪው አስቀድሞ የራሱን ቃል ማወቅ አለበት። በ2008 ዓ.ም. የግጭ መንደር ነዋሪዎች ከፓርኩ ወጥተው በደባርቅ ሰፍረዋል። በቆርቆሮ ክዳን ሥር የሚያድግ ልጅ ማገር የሚለውን ቃል ከወላጆቹ አፍ ካልሰማ፣ ለጐብኚው ምን ሊያስረዳ ይችላል? ስለዚህ መምህራን ቃላቱን በሰሌዳ ከመጻፋቸው በፊት ተማሪዎቹን ወደ አንድ ጎጆ ወስደው፣ ከመሠረቱ እስከ ጉልላቱ ያለውን መጀመሪያ በአማርኛ፣ ቀጥሎ በእንግሊዝኛ ቢያስጠሯቸው ይበጃል እንላለን።