በሶኬት የሚሰካ የፀሐይ ኃይልና የሕጉ ነገር

ሶኬት ኮረንቲ የምንወስድበት እንጂ የምንሰጥበት ቀዳዳ አይደለም ብለን ነው ያደግነው። ስለዚህም በቅርቡ በማደሪያችን አንድ ጓደኛችን «ጀርመን አገር ሰዎች የሶላር ሰሌዳ በረንዳቸው ላይ ሰቅለው ገመዱን ግድግዳው ሶኬት ላይ ይሰኩታል፤ የመብራት ሂሳባቸውም ይቀንሳል» ቢለን ግማሾቻችን ሳቅንበት። ሌሎቻችን ደግሞ «ኧረ ቤቱ ይቃጠላል!» አልን። ቆይተን ነገሩን ስናጣራው ጓደኛችን እውነቱን ኖሯል። ቤቱ ይቃጠላል ያልነውም ብንሆን ከመሬት ተነሥተን አልተናገርንም፤ ጀርመኖቹ ራሳቸው በዚሁ ጉዳይ ላይ ለዓመታት ተከራክረውበታል። የፊዚክስ ትምህርትና የሕግ ጉዳይ አንድ ላይ የተቋጠሩበት ክርክር ስለሆነ ለጋዜጣችን አንባብያን ልናቀርበው ወደድን። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ዕቃውን እንመልከት። አንድ ወይም ሁለት የሶላር ሰሌዳ፣ ኢንቨርተር የምትባል ትንሽ ሣጥን፣ ከዚያም ገመድና መሰኪያ፤ በቃ ይኸው ነው። ሰሌዳው ከፀሐይ የሚያመነጨው ቀጥተኛ ጅረት ነው። በቤቱ መስመር የሚሄደው ግን ተለዋዋጭ ጅረት ነው፤ ይኸውም በጀርመን 230 ቮልት፣ በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ ነው። ኢንቨርተሯ ቀጥተኛውን ወደ ተለዋዋጭ ትለውጠዋለች። በዚህ ብቻ አታበቃም፤ የመስመሩን ምት እያዳመጠች በዚያው ምት ልክ ኮረንቲ ትጨምራለች። እስክስታ የሚወርድ ሰው ከበሮውን እየሰማ ትከሻውን እንደሚያንቀሳቅስ ማለት ነው። ከበሮው ካልተመታ እስክስታ የለም። ይህችን ነገር አንባቢ ይያዝልን፤ ኋላ እንመለስባታለን።

ኮረንቲው በሶኬት ከገባ በኋላ የት ይሄዳል? ደጃፍ ላይ የተቀመጠ የውሃ በርሜል እናስብ። ቧንቧው በርሜሉ በጎደለ ቁጥር ይሞላዋል እንበል። በክረምት ከጣሪያው አሸንዳ የሚወርደው ዝናብ በዚያው በርሜል ቢገባ፣ ዝናቡ በሞላው መጠን ከቧንቧው የሚወሰደው ያንሳል፤ የውሃ ቆጣሪውም በዚያው ልክ ይዘገያል። የሶላሩ ኮረንቲም እንዲሁ በቅርብ ላለው ፍሪጅና አምፖል ይደርስና ከመንገድ የሚመጣው በዚያው መጠን ይቀንሳል።

መጠኑን በተመለከተ ግን መጋነን የለበትም። በጀርመን ሕግ የተፈቀደው ትልቁ ልክ 800 ዋት ነው። አንድ የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣድ 3,000 ዋትና ከዚያም በላይ ስለሚስብ፣ በዚህ ዕቃ እንጀራ ለመጋገር ያሰበ ሰው ሊጡን ይዞ መቅረቱ ነው። ፍሪጅ፣ አምፖልና ቴሌቪዥን ላሉበት ቤት ግን የቀን ፍጆታውን ጥቂት ያቃልላል። ዋናው ጥቅሙ ያለው ተከራዩ ዘንድ ነው። ቤት ያለው ሰው ጣሪያው ላይ ባለሙያ አስጠርቶ ትልቁን ሶላር ያስተክላል፤ አራተኛ ፎቅ ላይ ተከራይቶ የሚኖር ሰው ጣሪያ ከየት ያመጣል? ያለው በረንዳ ነው። በጀርመን ደግሞ ከሕዝቡ ግማሽ ያህሉ ተከራይ ነው።

እንግዲህ ሕግ ለምን አስፈለገ? «ትንሽ ዕቃ ናት፣ ገዝቶ መሰካት ነው» ለሚሉ ጓደኞቻችን ሦስት አደጋዎችን እንጥቀስ።

የመጀመሪያው የመሰኪያው ጥርስ ነው። የካውያን መሰኪያ ከሶኬት ብንነቅል ጥርሶቹ ባዶ ብረት ናቸው፤ ብንነካቸው ምንም የለም። ኮረንቲ የሚያመነጭ ዕቃ ሲነቀል ግን ኮረንቲው ያለው በእጃችን በያዝነው በኩል ነው። ኢንቨርተሯ ወዲያው ካላቆመች ሕፃን ልጅ ጥርሱን ነክቶ ሊሞት ይችላል። ሁለተኛው የመብራት ሠራተኛው ነው። መስመሩ ተቋርጦ፣ ሠራተኛው ሽቦው ሞቷል ብሎ ከምሰሶው ላይ ወጥቶ ሳለ፣ ከአንዱ በረንዳ ኮረንቲ ወደ መንገዱ ሽቦ ቢወጣስ? በዚህም በዚያም መፍትሔው አንድ ነው፤ የእስክስታው ነገር። በደንቡ መሠረት የተሠራች ኢንቨርተር የመስመሩ ምት ከጠፋባት በሰከንድ አንድ አምስተኛ ጊዜ ውስጥ ታቆማለች። አንዳንድ ሰዎች መብራት ሲጠፋ ጀነሬተራቸውን ሁለቱም ጫፉ ጥርስ በሆነ ገመድ ሶኬት ላይ ይሰካሉ። ጀነሬተር ከበሮ አይሰማም፤ እሱ ራሱ ከበሮ ነው። በመሆኑም ሁለቱ ድርጊቶች ላይ ላዩን ቢመሳሰሉም አንዱ ሰው ይገድላል፣ ሌላው ግን በትክክል ከተሠራ አይገድልም። ልዩነቱን ገዢው በዓይኑ አይቶ ሊለየው ስለማይችል፣ ዕቃው ተፈትኖ ማረጋገጫ ያለው እንዲሆን ሕግ ማዘዙ ተገቢ ነው እንላለን።

ሦስተኛው አደጋ ብዙ ሰው የማያስበው ስለሆነ ትንሽ እንቆይበት። ፊውዝ የተፈጠረው ለሽቦው ነው። በግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦ ከልኩ በላይ ኮረንቲ ከተሸከመ ይግላል፤ ሽፋኑ ይቀልጣል፤ ከዚያ ወዲያ እሳት ነው። ስለዚህ በመስመሩ መግቢያ ላይ፣ ለምሳሌ የ16 አምፔር ፊውዝ ይደረጋል። ከ16 በላይ ሲያልፍ ፊውዙ ይቆርጣል። ነገር ግን ፊውዙ የሚያየው በእሱ በኩል የሚያልፈውን ብቻ ነው። በዚያው መስመር ላይ ካለ አንድ ሶኬት ሶላሩ ኮረንቲ ቢጨምር ፊውዙ ይህን አያውቅም። በር ላይ የቆመ ዘበኛ በአጥር ዘሎ የገባውን እንደማይቆጥር ማለት ነው።

ስሌቱን እንሥራው። 800 ዋት ሲካፈል ለ230 ቮልት 3.5 አምፔር ያህል ይሆናል። በዚያ መስመር ላይ ካውያ፣ ማሞቂያና ምድጃ ተደራርበው ቢሰኩ፣ በፊውዙ በኩል 16፣ በሶላሩ በኩል 3.5፣ በድምሩ 19.5 አምፔር በአንዱ የሽቦ ክፍል ላይ ሊያልፍ ይችላል፤ ፊውዙም ዝም ይላል። ደህና ተደርጎ የተዘረጋ ሽቦ ይህችን ትርፍ ይችላታል። 800 ዋት የሚለው ቁጥርም ያለምክንያት የተቀመጠ አይደለም፤ ትርፉ ትንሽ ሆኖ እንዲቀር ነው። ሰውየው ሁለት ሦስት ዕቃ ገዝቶ በአንድ ዲቫይደር ላይ ቢደረድራቸው ግን ትርፉ 7፣ ከዚያም 10.5 አምፔር ይሆናል። ስለዚህ ገደቡ የተቀመጠው ለእያንዳንዱ ዕቃ ሳይሆን ከአንድ ቆጣሪ በስተጀርባ ላለው ጠቅላላ ድምር ነው። ሽቦው ያረጀ ቤት ከሆነ ደግሞ ከመሰካት በፊት ባለሙያ ማሳየት ግድ ይላል። ርካሽ ነገር ለመግዛት የሄደ ሰው ለዚህ ገንዘብ ማውጣት እንደማይወድ እናውቃለን፤ ቢሆንም ከሦስቱ አደጋዎች በፋብሪካ ሊፈታ የማይችለው ይኸኛው ነው።

አሁን ወደ ሕጉ እንምጣ። በጀርመን ቀድሞ የነበረው ገደብ 600 ዋት ነበር። ዕቃውን የገዛ ሰው ሁለት ቦታ ይመዘገብ ነበር፤ አንድ ጊዜ በአካባቢው የመስመር ባለቤት ዘንድ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ በፌዴራሉ መዝገብ። የቆጣሪውም ጣጣ ነበረ። ሳህኑ የሚሽከረከረው አሮጌው ቆጣሪ ሶላሩ ከፍጆታው በላይ ሲያመነጭ ወደ ኋላ ይዞራል፤ የተቆጠረውን ይቀንሳል ማለት ነው። ስለዚህ ቆጣሪው ሳይለወጥ መሰካት አይፈቀድም ነበር። ቆጣሪውን የሚለውጠው ደግሞ የመስመሩ ባለቤት ስለሆነ፣ ዕቃው ተገዝቶ ሠራተኛ እስኪመጣ ተቀምጦ ይጠብቃል። በሶኬቱም ዓይነት ላይ ክርክር ነበረ፤ ተራው ሶኬት ይበቃል የሚሉና ልዩ መሰኪያ በባለሙያ ይገጠም የሚሉ ነበሩ። ከሁሉም በላይ አከራዩ «አልፈቅድም» ካለ ነገሩ አበቃ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። ከላይ ከተዘረዘሩት ግዴታዎች መካከል ሕፃኑን፣ የመብራት ሠራተኛውን ወይም ሽቦውን የሚጠብቁት የትኞቹ ናቸው? የኃይሉ ገደብ ይጠብቃል። የኢንቨርተሯ ደንብም ይጠብቃል። ሁለት ጊዜ መመዝገብ ግን ማንንም ከኮረንቲ አላዳነም። ቆጣሪ መጠበቁም የሂሳብ ጉዳይ እንጂ የሕይወት ጉዳይ አልነበረም። ሕጉ ለትልቅ የኃይል ማመንጫ የተቆረጠ ካፖርት ነበርና ለበረንዳዋ ዕቃ ሲለበስ ከመሬት ይጎተት ነበር።

በ2023 ጥር ወር የአገሩ የኤሌክትሪክ ባለሙያዎች ማኅበር፣ ቪዲኢ የሚባለው፣ ደንቡ ይቅለል፣ ገደቡም ወደ 800 ይነሣ ሲል ሐሳብ አቀረበ። ይህ እኛን አስገርሞናል፤ አደጋውን ከማንም በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸውና። በዚያው ወር መንግሥት በሶላር ዕቃዎች ላይ ይከፈል የነበረውን የሽያጭ ቀረጥ ወደ ዜሮ አወረደው። በ2024 ግንቦት ወር አዲሱ የሶላር ሕግ በሥራ ላይ ዋለ። በዚህም መሠረት ኢንቨርተሯ እስከ 800፣ ሰሌዳዎቹ እስከ 2,000 ዋት ተፈቀደላቸው። (ሰሌዳው ለምን በለጠ ለሚል ሰው፦ በደመናና በክረምት ሰሌዳው ከልኩ በታች ስለሚሠራ ነው፤ ፀሐይ ስትበረታም ኢንቨርተሯ ከ800 በላይ አታሳልፍም።) ለመስመር ባለቤቱ ማሳወቅ ቀረ፤ የፌዴራሉ መዝገብ ብቻ በአጭር ቅጽ ቀረ። አሮጌ ቆጣሪ ያለውም ሰው እስኪለወጥለት ድረስ መሰካት ይችላል፤ ለጊዜው ወደ ኋላ ቢዞርም ይታለፋል። በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር ደግሞ የኪራይ ሕጉና የጋራ ሕንፃ ባለቤቶች ሕግ ተሻሻሉ። አከራይ ያለ በቂ ምክንያት መከልከል አይችልም፤ አሰቃቀሉ ላይ ግን የሚለው ነገር ሊኖረው ይችላል። ሰሌዳ ከአራተኛ ፎቅ መንገደኛ ላይ ቢወድቅ ቀልድ አይደለምና ይህም ደግ ነው። በ2025 የተመዘገቡት ዕቃዎች ቁጥር ከአንድ ሚሊዮን አለፈ።

አሜሪካም ተከትላለች። በ2025 የዩታ ክፍለ ግዛት ከሌሎቹ ቀድማ ሕግ አወጣች። እስከ 1,200 ዋት የሚደርስ የሚሰካ ሶላር ከመብራት ኩባንያው ጋር ውል መዋዋል ሳያስፈልግ ይፈቀዳል፤ ዕቃው የተፈተነና መስመር ሲቋረጥ ራሱን የሚያቆም መሆን አለበት። እኛ ግን እርሳሳችንን አንሥተን ስናሰላ ትንሽ ሥጋት ገብቶናል። የአሜሪካ ሶኬት 120 ቮልት ነው። 1,200 ሲካፈል ለ120 አሥር አምፔር ይሆናል። የጀርመኑ 3.5፣ የዩታው 10! በዚያ አገር ብዙው የመኖሪያ ቤት መስመር የ15 ወይም የ20 አምፔር ስለሆነ፣ ፊውዙ የማያየው ትርፍ የመስመሩን ግማሽና ከዚያም በላይ ሊያክል ነው። ውሉን መተው ጥሩ ሆኖ ሳለ በዋቱ ላይ ግን እጃቸውን ዘርግተዋል ባዮች ነን። መምህራኖቻችን በዚህ ላይ የተለየ አስተያየት ካላቸው ብንታረም ደስ ይለናል።

«እኛ አገርስ ብንሰካው?» የሚለው ጥያቄ በማደሪያችን መነሣቱ አልቀረም። የእኛም መስመር 50 ጊዜ የሚመላለስ፣ 220 ቮልት ስለሆነ ስሌቱ ብዙ አይለይም። ሆኖም ሁለት ነገር ይታሰብ። አንደኛ፣ በየገጠሩ የምናውቀው ሶላር ባትሪ አለው፤ ከመስመር ጋርም አይገናኝም፤ ስለዚህ መብራት ኖረም አልኖረ ያበራል። የሚሰካው ግን ከበሮ ጠባቂ ነውና መብራት ሲጠፋ እሱም ይጠፋል፤ ፀሐይ አናት ላይ ሆና ሰሌዳው እየነደደ ቤቱ ጨለማ ነው። ለመብራት መጥፋት መድኃኒት ብሎ የሚገዛው ሰው ገንዘቡን ይበላል። ሁለተኛ፣ አንዳንድ ዲጂታል ቆጣሪዎች ወደ ውጭ የሚወጣውንም ኮረንቲ እንደ ተጠቀሙበት አድርገው ይደምሩታል። ካርድ ሞልቶ የሚጠቀም ሰው ቆጣሪው እንዲህ ያለ ከሆነ፣ ለመንገዱ መስመር በሰጠው ኮረንቲ የራሱ ሂሳብ ይቀነስበታል። በእንዲህ ያለው ቆጣሪ ላይ ሕጉም ቆጣሪውም ሳይስተካከሉ መሰካት ኪሳራ ነው።

ለፊዚክስ ሠልጣኞች አንዲት ጥያቄ እንተው። በ220 ቮልት መስመር ላይ የ10 አምፔር ፊውዝ አለ፤ የግድግዳው ሽቦ ሊሸከም የሚችለው 13 አምፔር ነው እንበል። ባለ 800 ዋቱ ሶላር በዚህ መስመር ላይ ቢሰካ ሽቦው ይተርፋል ወይስ አይተርፍም? ካልተረፈ፣ ሕጉ ስንት ዋት ብቻ መፍቀድ ነበረበት? መልሱን የሠራ በወረቀት ጽፎ ከዚህ ጽሑፍ ሥር ይለጥፍልን።